ታዛዡ ማግኔት፦ በየቤታችን ስለሚሠራው ኤሌክትሮማግኔት

ስለ ኤሌክትሮማግኔት በትምህርት ቤት ሳይማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም ብንል ሐሰት አይሆንም። የሽቦውን ዙር ቍጥር በኮረንቲው መጠን ማብዛት፥ ቀኝ እጅን ጨብጦ በአውራ ጣት ሰሜኑን ማመልከት ለሁላችንም የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ከፈተናው አዳራሽ ወጥተን ወደ ቤታችን ስንገባ፥ በደጁ ላይ ያለው ደወል፥ በጠረጴዛው ላይ ያለው ራዲዮ፥ በማእዘኑ ቆሞ የሚያጕረመርመው ማቀዝቀዣ፥ በግድግዳው የተሰቀለው ቈጣሪ ሁሉ ያንኑ ትምህርት ሌትና ቀን ሲሠሩበት እንደሚውሉ ስንቶቻችን እናስባለን?

ነገሩ የፊዚክስ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የሕግም የታሪክም የሥነ ጽሑፍም ተማሪ ከእነዚህ ዕቃዎች ጋራ አብሮ ያድራል። ሲበላሹበት ይከፍላል፤ ሲቃጠሉ ቤቱ አብሮ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ኤሌክትሮማግኔት በየቤታችን የሚሠራውን ሥራ፥ ቀመር ሳናበዛ፥ ልናስረዳ እንሞክራለን።

ታዛዥነቱ ከምን የመጣ ነው?

ተራው ማግኔት፥ ለምሳሌ የማቀዝቀዣውን በር ገጥሞ የሚይዘው፥ ሌትም ቀንም ይስባል። ተው ቢሉት አይተውም፤ ጨምር ቢሉት አይጨምርም። ስለዚህ በር ለመግጠም ይበቃል እንጂ ብቻውን ልዩ ልዩ ሥራ ሊሠራ አይችልም። ኤሌክትሮማግኔት ግን ሌላ ነው። ኮረንቲ ሲገባበት ይስባል፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ ይለቃል፤ ኮረንቲው ሲበዛ ኃይሉ ይበዛል፤ የኮረንቲው አቅጣጫ ሲገለበጥ ሰሜኑ ደቡብ፥ ደቡቡም ሰሜን ይሆናል። መጀመር፥ ማቆም፥ መመጠንና መገልበጥ፦ እነዚህ አራቱ ትእዛዞች ናቸው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ከነዚሁ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የቆሙ ናቸው።

የነገሩ መሠረት የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ነው። ሐንስ ክርስቲያን ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ኮረንቲ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ፈቀቅ ሲል አየ። ከዚያ በኋላ በ1825 ዊልያም ስተርጅን የተባለ እንግሊዛዊ፥ ቀድሞ ጫማ ሰፊ ኋላም ወታደር የነበረ ሰው፥ እንደ ፈረስ ኮቴ በተቈለመመ ብረት ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ኮረንቲ ቢሰድበት፥ 200 ግራም ያህል የሚመዝነው ብረት 4 ኪሎ ያህል አነሣ። ኮረንቲውን ሲያቋርጠው ሸክሙ ወደቀ። በአሜሪካ በኦልባኒ ከተማ አስተማሪ የነበረው ጆሴፍ ሄንሪ ደግሞ ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ በሐር እየሸፈነ ብዙ ዙር ደራርቦ ጠመጠመ፤ በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔትም ከ900 ኪሎ በላይ ለማንሣት ቻለ። ዛሬ በሐሩ ፈንታ ሽቦው ቀጭን ቫርኒሽ ይቀባል። አንባቢ ይህን ቫርኒሽ እንዳይረሳው እንለምናለን፤ ኋላ እንፈልገዋለንና።

ሽቦውን መጠምጠም ለምን አስፈለገ? ኮረንቲ በአንድ ሽቦ ሲያልፍ በዙሪያው የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል እጅግ ደካማ ነው። ነገር ግን ሽቦው መቶ ጊዜ ሲጠመጠም የመቶው ዙር ኃይል በአንድ ላይ ይደመራል። በመካከሉ ብረት ሲገባበት ደግሞ ኃይሉ ብዙ መቶ እጥፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሺሕ እጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል። በብረት ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማግኔቶች አሉ፤ እነርሱም እንደ ገበያ ሕዝብ እያንዳንዳቸው ወደ የራሳቸው አቅጣጫ ዞረው የሚኖሩ ናቸው። በጥቅሉ ውስጥ ኮረንቲ ሲያልፍ ግን ገበያተኛው ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቆማል። ኮረንቲው ሲቋረጥ ሰልፉ ይፈርሳል። ለስላሳ ብረት ቶሎ ስለሚፈርስለት ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ጠንካራ አረብ ብረት ግን ሰልፉን ይዞ ስለሚቀር ራሱ ተራ ማግኔት ይሆናል።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚሻ ሰው አንድ ምስማር፥ አንድ ባትሪ ድንጋይና ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይበቃዋል። ሽቦውን በምስማሩ ላይ መቶ ዙር ያህል ይጠምጥም፤ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ቫርኒሽ በምላጭ ይፋቅ፤ ከባትሪው ጋራ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ያገናኝ። ምስማሩ መርፌ ይለቅማል። ብዙ ጊዜ ከተያያዘ ግን ሽቦውና ባትሪው ይግላሉ። በግድግዳው ሶኬት ላይ ይህን መሞከር ግን ከቶ የተከለከለ ነው፤ ሞት ያመጣል።

የሚንቀጠቀጠው ማግኔት

ከሁሉ ቀላሉ የደጅ ደወል ነው። ቍልፉን ስንጫን ኮረንቲ በጥቅሉ ሽቦ ያልፋል፤ ጥቅሉ ትንሿን የብረት ምላስ ይስባል፤ በምላሷ ጫፍ ያለው መዶሻ ደወሉን ይመታል። እስከዚህ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ «ቂል» ብሎ ዝም ባለ ነበር። ብልኀቱ ግን ኮረንቲው የሚያልፈው በዚያችው ምላስ በኩል መሆኑ ላይ ነው። ምላሷ ስትሳብ ራሷ መንገዱን ትቈርጣለች፤ ኮረንቲው ሲቋረጥ ማግኔቱ ይለቃታል፤ ሞላው ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ ስትመለስ መንገዱ እንደ ገና ይገጥማል። እንዲህ እየሆነ ጣታችን ከቍልፉ እስኪነሣ ድረስ መዶሻው ይመታል። መጀመርና ማቆም፥ ሁለቱ ትእዛዞች ብቻ፥ ደወሉን አስጮኹት። ዛሬ የሚሸጠው ደወል ብዙው ዜማ የሚያሰማ ሆኗል፤ እርሱም ድምፁን የሚያወጣው በትንሽ ድምፅ ማጉያ ስለ ሆነ ከዘመዶቹ አልራቀም።

ድምፅ ማጉያው ከደወሉ ይልቅ ረቂቅ ነው። በውስጡ አንድ ተራ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ ከተሠራ ሾጣጣ ጋራ የተያያዘ ቀላል የሽቦ ጥቅል ይንጠለጠላል። ከራዲዮው የሚመጣው ኮረንቲ አቅጣጫውን በገለበጠ ቍጥር ጥቅሉ አንድ ጊዜ ይሳባል፥ አንድ ጊዜ ይገፋል፤ ሾጣጣውም አየሩን እየገፋና እየሳበ ድምፅ ያደርገዋል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ክራሩም፥ የዜና አንባቢውም ድምፅ፥ የከበሮውም ምት በዚያች በአንዲት ጥቅል ሽቦ መሳብና መገፋት ወደ ጆሮአችን ይደርሳሉ። በጆሮአችን የምንሰካው ትንሿ ማዳመጫም ብዙውን ጊዜ አሠራሯ ይኸው ነው፤ መጠኗ ብቻ አነሰ።

የሚዞረው ማግኔት

መሳብና መልቀቅ በክብ መንገድ ተራ በተራ ሲደረግ ሞተር ይሆናል። የጁስ መፍጫውን እንውሰድ። በመካከሉ የሚዞረው ክፍልም በዙሪያው ያለው ክፍልም ሁለቱም ኤሌክትሮማግኔት ናቸው። የሚዞረው ወደሚስበው ሊደርስ ሲል፥ በእንዝርቱ ላይ ያሉት የመዳብ ቍራጮች ኮረንቲውን ወደ ሌላ ጥቅል ያሻግሩበታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ይደርሳል ሲባል ሳይደርስ ሲሮጥ ይኖራል። ኮረንቲውን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስገቡት ሁለት የካርቦን ቍራጮች ናቸው። ማሽኑ ሲያረጅ ከውስጡ የምናየው ፍንጣሪና የሚሸተን ሽታ ካርቦኑ ማለቁን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተለወጠ ማሽኑ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ከታለፈ ግን የሚዞረውን ክፍል ይበላዋል።

የማቀዝቀዣው ሞተርና ብዙው የውሃ ፓምፕ ካርቦን የላቸውም። በአገራችን የሚሠራጨው ኮረንቲ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ፥ ጥቅሎቹ በዙሪያው በሚገባ ሲደረደሩ የመሳቡ ኃይል ራሱ በክብ ይዞራል፤ የብረቱም እምብርት እርሱን ተከትሎ ይሮጣል። ባለ ሁለት ዋልታ ሞተር ሲሆን ኃይሉ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ እምብርቱም ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ ይከተላል። ከማቀዝቀዣው የምንሰማው ጕርምርምታ በከፊል የዚሁ ምስክር ነው፤ ኮረንቲው በሄደበትም በተመለሰበትም ብረቱን ስለሚስበው በሴኮንድ 100 ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል።

እዚህ ላይ ከኪሳችን ጋራ የሚገናኝ ነገር አለ። ሞተር ሲዞር እርሱ ራሱ እንደ ትንሽ ዲናሞ ሆኖ የሚገባውን ኮረንቲ ይቃወማል፤ በዚህም ኮረንቲው ልከኛ ይሆናል። ገና ሲነሣ ግን ተቃውሞው ስለማይኖር በሥራ ጊዜ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ የሚሆን ኮረንቲ ይስባል። የመብራቱ ኃይል ደክሞ ቮልቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ሞተሩ ለመነሣት አቅም ያጣል፤ ቆሞ እየጮኸ ያንን ብዙ ኮረንቲ ይጠጣል፤ ይግላል። ያን ጊዜ አትርሱት ያልነው ቀጭን ቫርኒሽ ይቃጠላል፤ ሽቦው ከሽቦው ይነካካል፤ «ሞተሩ ተቃጠለ» ይባላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስም በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ገና ስላልረገበ ሞተሩ ከባድ ሸክም ይዞ እንዲነሣ ይገደዳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን ነቅሎ፥ ተመልሶ ከረጋ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ቈይቶ መሰካት የአሮጊት ልማድ ሳይሆን ምክንያት ያለው ጥንቃቄ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚገዛው ስታብላይዘርም በቮልቱ መውጣትና መውረድ «ቀጭ፥ ቀጭ» ሲል የምንሰማው ድምፅ በውስጡ ያሉት ትንንሽ ኤሌክትሮማግኔቶች መስመር ሲለዋውጡ የሚያሰሙት ነው።

በሌላ በኩል ምጣዱ፥ ካውያውና የውሃ ማፍያው ሥራቸው በሚግል ሽቦ እንጂ በማግኔት አይደለም። ይህን መለየት አስቸጋሪ አይደለም፤ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወይም ድምፅ የሚሰጥ ዕቃ ሲያጋጥመን በውስጡ ኤሌክትሮማግኔት አለ ብለን ብንጠረጥር ብዙ ጊዜ አንሳሳትም። ከሚያግሉት ዕቃዎች መካከል ከዚህ ወጣ ያለው ኢንዳክሽን የሚባለው ምድጃ ነው። ከመስታወቱ ሥር ያለው የሽቦ ጥቅል በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ በሚመላለስ ኮረንቲ እየሠራ በድስቱ መቀመጫ ውስጥ ኮረንቲ ያስነሣል፤ ድስቱም ራሱን ያግላል። ስለዚህ ከሸክላ የተሠራ ጀበና ወይም ድስት በዚህ ምድጃ ላይ አይሞቅም፤ ሸክላ ኮረንቲ አያስተላልፍምና። ተራ የአሉሚኒየም ድስትም በአብዛኛው አይሠራበትም። ምድጃውን የገዛ ሰው ድስት ለመግዛት ወደ ገበያ ሲሄድ ትንሽ ማግኔት በኪሱ ይያዝ፤ ማግኔቱ በድስቱ መቀመጫ ላይ አጥብቆ ከተጣበቀ ድስቱ ይሆነዋል።

የሚቈጥረውና የሚጠብቀው ማግኔት

በአሮጌው ቈጣሪ መስኮት የምትዞረው ክብ ዝርግ ከአሉሚኒየም የተሠራች ናት። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ታዲያ ማን ያዞራታል? ከበላይዋና ከበታችዋ ሁለት ኤሌክትሮማግኔቶች አሉ፤ አንዱ በቮልቱ፥ ሌላው ቤቱ በሚወስደው ኮረንቲ ይሠራል። ሁለቱ በአንድነት በዝርጓ ውስጥ ኮረንቲ አስነሥተው ይገፏታል፤ አንድ ተራ ማግኔት ደግሞ እንደ ፍሬን ይይዛታል። ምጣድ ሲሰካ መፍጠኗ፥ አንድ አምፑል ብቻ ሲቀር ማዝገሟ ከዚህ የተነሣ ነው። በካርድ የሚሠራው አዲሱ ቈጣሪ የሚዞር ነገር የለውም። ነገር ግን የሞላነው ሒሳብ ሲያልቅ መብራቱን የሚቈርጠው በውስጡ ያለች ኤሌክትሮማግኔት ናት፤ አንዲት አጭር የኮረንቲ ምት ትበቃታለች።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን ብሬከሩ ነው። በውስጡ ሁለት ዘበኞች አሉ። አንደኛው ከሁለት ዓይነት ማዕድን የተጣበቀ ስስ ዝርግ ነው፤ ኮረንቲው ከልኩ ጥቂት ሲያልፍ ቀስ በቀስ ግሎ ይጎብጥና መስመሩን ይቈርጣል። ሁለተኛው ኤሌክትሮማግኔት ነው። «ኮንታክት» የምንለው ነገር ሲፈጠር፥ ይኸውም ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ፥ ኮረንቲው በአንዴ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ማግኔቱም ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ መቈለፊያውን ስቦ ይጥለዋል። ሽቦው ለመጋል ጊዜ ሳያገኝ ነገሩ ያልቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን የአባቶችን ቃል ይህን ያህል በትክክል የሚፈጽም ሌላ ዕቃ በቤታችን የለም።

ይህ ዘበኛ ግን በየቤቱ የሚገባውን ክብር አያገኝም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል እንበል፤ ይህን ለ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ይሆናል። እንግዲህ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ባለበት መስመር ምጣዱ ብቻውን ልኩን ሞላው ማለት ነው። በዚያው ማከፋፈያ ላይ ካውያ ሲጨመርበት ብሬከሩ ጥቂት ቈይቶ ይወድቃል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ብሬከሩ ተበላሸ» ይልና በባለ 32 አምፔር ይለውጠዋል፤ ከዚያም የባሰው ፊውዙን በወፍራም ሽቦ ይቋጥራል። መብራቱ አይጠፋም፤ እንጀራውም ይጋገራል። ነገር ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ያው የድሮው ቀጭን ሽቦ ነው። ዘበኛው ዝም ስለ ተባለ ሌባው አልጠፋም፤ ግድግዳው ውስጥ የሚግለውን ሽቦ የሚያይ ዓይን ብቻ ጠፋ። ብሬከር ሲወድቅ የሚነግረን አንድ ነገር አለ፦ ወይ ሸክሙ በዝቷል፥ ወይ አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል። መልሱ ሸክሙን መቀነስ ወይም ባለሙያ ጠርቶ ሽቦውንና ብሬከሩን በአንድነት ለልኩ ማስተካከል ነው እንጂ ነጋሪውን ማፈን አይደለም።

ይህም ሆኖ ብሬከሩ ሰውን ከመያዝ አያድንም። ሰውን ለመግደል የሚበቃው ኮረንቲ ብሬከሩን ከሚጥለው እጅግ ያነሰ ነውና። ለዚህ የተሠራው ሌላ ዕቃ ነው፤ «ቲ» የሚል ፊደል የተጻፈበት ትንሽ ቍልፍ ስላለው ይታወቃል። በውስጡ የሚወጣውና የሚመለሰው ኮረንቲ በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አንዱ የሌላውን የመሳብ ኃይል ያጠፋዋል፤ ቀለበቱም ዝም ይላል። ነገር ግን ከሚወጣው ጥቂቱ በሰው ገላ አልፎ ወደ መሬት የሄደ እንደ ሆነ ሒሳቡ ይዛባል፤ ልዩነቱ ትንሿን ኤሌክትሮማግኔት ያነቃና መስመሩ ይቈረጣል። ለቤት የሚደረገው ቢበዛ በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚሠራ ነው። «ቲ» የተባለውን ቍልፍ በወር አንድ ጊዜ ተጭኖ መውደቁን ማረጋገጥ መልካም ልማድ ነው። በተለይ የገላ መታጠቢያ ማሞቂያ ባለበት ቤት ይህ ዕቃ መኖሩን መጠየቅ ሊታፈርበት አይገባም።

ከውሃው እስከ ቤት

ይህ ሁሉ ኮረንቲ ከወዴት መጣ ብንል መልሱ ወደ ማግኔቱ ይመልሰናል። የአገራችን መብራት እጅግ የሚበዛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው። ለምሳሌ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ፥ የዓባይ ውሃ የሚያዞራቸው 13 ጄኔሬተሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚዞረው ታላቅ ጐማ ራሱ በዙሪያው ኤሌክትሮማግኔቶች የተደረደሩበት ነው። በዚያ ማግኔት ሲዞር ኮረንቲ ይወለዳል፤ እዚህ በቤታችን ኮረንቲው ሲገባ ማግኔት ይዞራል። መካከላቸው ያለው ሽቦ ነው።

ስለዚህ ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አንድ ትንሽ ሥራ ይዘን እንድንሄድ እናሳስባለን። የቈጣሪውን ሳጥን ከውጭ እንመልከት፤ በብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቍጥር እናንብብ፤ በዚያ መስመር የሚሰካውን ዕቃ ዋት ደምረን ለ220 እናካፍል። ሒሳቡ ካልገጠመ ለእናት ለአባታችን በሚገባቸው ቋንቋ እናስረዳቸው። ክዳኑን ከፍቶ መነካካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። የተቃጠለ ሞተር እየፈቱ እንደ ገና የሚጠቀልሉትን ሠራተኞችም ቀርበን ብንጠይቃቸው፥ በሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር የተጻፈልንን ትምህርት በእጃቸው ላይ ተዘርግቶ እናገኘዋለን። ይህን ያህል ያደረገ ተማሪ ለቤተሰቡ ከሚወስደው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠውን ይዞ ገባ ማለት ነው፤ በዚያ ቤት ብሬከሩ ሲወድቅ ከእንግዲህ ምክንያቱ ይጠየቃልና።